ውኃው በረዶ ይሠራል፣ የማንጎው ጁስ ግን አይጠነክርም

የአዘዞዋ አንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በዚህ ሙቀት ለልጆቿ የማንጎ ጁስ እንጨት ሰክታ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። ሁዳዴ ስለሆነ ወተት የለበትም። ለአንድ ሊትር ጁስ ግማሽ ኪሎ ስኳር ታደርጋለች። ጁሱ አድሮም እንደ ገንፎ ነው፤ ሲጎተት እንጨቱ ብቻውን ይወጣል። ውኃ ግን በረዶ ይሆናል። በበሩ በኩል ከላይ፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ጣት የሚያህል በረዶ ተጋግሯል። ሞተሩም አያርፍም። አንድ ሠራተኛ መጥቶ "ጋዝ ጨርሷል" ብሎ ሞላላት። ለውጥ የለም።

እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው የበሩን ጎማ ነው። ጋዝ ያነሰው ፍሪዘር በረዶ የሚይዘው ጋዙ በሚገባበት በኩል ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ያንቺ የወፈረው በሩ ጥግ ላይ ነው። እርጥብ አየር በዚያ እየገባ ነው ማለት ነው። በሩ ላይ ወረቀት አስገብተሽ ዝጊና ጎትቺው። ሳይያዝ ከወጣ ጎማው አልገጠመም። ዙሪያውን ሁሉ እንዲሁ ሞክሪ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይና በረዶውን አቅልጪ። ሙቅ ውኃ በሳህን አድርገሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ በሩን ክፈቺ፣ ጠብቂ። በቢላ ወይም በካቻቢቴ እንዳትፈነቅዪው! ከበረዶው ሥር ያለው አሉሚኒየም ስስ ነው። ከተበሳ ፍሪዘሩ አለቀለት። ከኋላው ያለው ጽሑፍ "አር-600ኤ" የሚል ከሆነ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። የከሰል ምድጃ በአጠገቡ አይኑር።

ከዚያ ጎማውን በሳሙና እጠቢ። የተጣመመውን ቦታ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያሞቅሽ በእጅሽ አስተካክዪ። የማጠፊያውን ብሎን አጥብቂ። ከተቀደደ ግን ቀይሪው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ጎማ ያናድደኛል። ማግኔቱ ደካማ ነው፣ ታጥፎ ስለሚሸጥም እጥፋቱ አይለቅም። በሱፐር ግሉ የሚለጥፉም አሉ፤ የተለጠፈ ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጋዙንም ያ ሰው ሳይመዝን ሞልቶት ከሆነ ትክክለኛ ባለሙያ ይይልሽ። ቀዳዳ ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት ጥገና አይደለም።

አሁን ወደ ስኳሩ። ውኃ በረዶ መሥራቱ ፍሪዘሩ ደህና ነው አያሰኝም። ውኃ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ካለ ይረጋል። ፍሪዘር ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። ስኳር የገባበት ጁስ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ውኃው ብቻ ነው። ስኳሩ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። ፈሳሹ በስኳር በወፈረ ቁጥር ለመርጋት የበለጠ ብርድ ይፈልጋል። እንደገና ትንሽ ውኃ በረዶ ይሆናል፣ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል፤ እንዲህ እየቀጠለ ይሄዳል። ለምሳሌ ሩብ ያህሉ ስኳር የሆነ ጁስ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ላይ ቢያድር ግማሽ ያህሉ ገና ሽሮፕ ነው። ያንቺ ደግሞ ሲሶው ስኳር ነው፤ የማንጎው የራሱ ጣፋጭ ሳይቆጠር። ስኳሩን ጨርሰሽ አታውጪው ግን። ያ ትንሽ ሽሮፕ ባይኖር ልጆቹ ድፍን በረዶ ሊነክሱ ነው። ቀስ ብሎ ሲበርድም የበረዶው ቅንጣት ትልልቅ እየሆነ ይሻክራል። ስለዚህ ፍሪዘሩ መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ማንጎ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ 100 ግራም ስኳር። አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ ነው። ስኳሩን በሙቅ ውኃ ካሟሟሽው ሳይቀዘቅዝ አታስገቢው። መያዣዎቹን አራርቂያቸው፤ ሌሊቱን በሩን አትክፈቺ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ሰኪ፣ ሞተሩን ታተርፊዋለሽ።

መያዣው ከፍሪዘሩ ወለል ጋር ከተጣበቀም ያው ነው። ሶኬቱን ንቀይ፣ ለብ ያለ ውኃ ሥሩ አፍስሺ። ቢላ አይነካውም።