ጉግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ የሚለው ልጅ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ብሎግና ስለ ማስታወቂያ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ስለ ዶሮ እርባታ በአማርኛ ብሎግ እጽፋለሁ። ራሴም ስለማረባ የምጽፈው ከልምዴ ነው። ጽሑፎቼን ፎቶ ላይ በሚያምር ፊደል እያሰፈርኩ ነው የምለጥፈው፤ ቴሌግራም ላይ ሰው ይወደዋል። ጉግል ላይ ግን የብሎጌን ስም ካልጻፉ በቀር አይገኝም። አንድ ልጅ 20,000 ብር ከከፈልከኝ በወር ውስጥ አንደኛ አደርግሃለሁ አለኝ። ልክፈለው? (ት.ገ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትክፈል። በብሩ መኖ ግዛበት።

ልጁ የሚሸጥልህ ነገር የእሱ አይደለም። ጉግል ላይ ስትፈልግ የሚመጣው ዝርዝር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተከፈለበት ነው፤ ማስታወቂያ መሆኑ ከላዩ ተጽፏል። ሌላው ያልተከፈለበት ነው። የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ሁሉ በቀጥታ ከጉግል ይገዛዋል፤ ደላላ አይፈልግም። ሁለተኛውን ጉግል ራሱም አይሸጥም።

ይሄ መለያየት ታሪክ አለው። በ1998 ቢል ግሮስ የሚባል የካሊፎርኒያ ነጋዴ ጎቱ የተባለ መፈለጊያ ከፈተ። እዚያ ደረጃው ራሱ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የበለጠ የሰጠ ከላይ ይቀመጣል፤ የሚከፍለው ግን ሰው ሲጫንለት ብቻ ነው። ማን ስንት እንደከፈለ እንኳን ሳይደብቅ ከጎኑ ይጽፈው ነበር። በዚያው ዓመት ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ፣ ስለ አዲሱ መፈለጊያቸው አንድ ጽሑፍ አወጡ። እዚያ ላይ በማስታወቂያ የሚተዳደር መፈለጊያ ከፈላጊው ይልቅ ለአስተዋዋቂው ማድላቱ አይቀርም ብለው አስጠነቀቁ። በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ፤ በ350 ገደማ ደንበኛ። እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ! ማስታወቂያውን ግን ከውጤቱ ለይተው አስቀመጡት። በ2002 ደግሞ የግሮስን ዓይነት ጨረታ አመጡና አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ብዙ መክፈል ብቻውን አይበቃም፣ ሰው የሚጫነው ማስታወቂያ ወደ ላይ ይወጣል። የግሮስ ኩባንያ፣ በኋላ ስሙ ኦቨርቸር የሆነው፣ በፈጠራ መብት ከሰሳቸው። ያሁ ኦቨርቸርን ከገዛው በኋላ ነው ጉዳዩ በ2004 በእርቅ ያለቀው። ጉግል 2.7 ሚሊዮን አክሲዮን ሰጥቷል። የሐሳቡን ዋጋ ከዚህ ገምት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያልተከፈለበት ዝርዝር ዛሬ በብዙ ነገር ይለካል፤ የተመሠረተው ግን በሊንክ ነው። ሌሎች ገጾች ወዳንተ ሊንክ ካደረጉ፣ ዕቁብ ስትገባ ዋስ እንደመጣልህ ይቆጠራል፤ ዋሱ ራሱ የታወቀ ሰው ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ብሎጎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጉግል ላይ ጎልተው የወጡትም በዚህ ነው። ብሎገሮች ቀኑን ሙሉ አንዱ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያደርጉ ይውሉ ነበር። ያኔ ቀማኞቹም ነቁ፤ የሰው ብሎግ አስተያየት መስጫ ውስጥ እየገቡ የቁማርና የመድኃኒት ሊንክ ይዘሩ ጀመር። በ2005 ጉግል፣ ያሁ እና የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤን ተስማምተው በአስተያየት ውስጥ ያለ ሊንክ እንዳይቆጠር የሚያደርግ ምልክት አወጡ። ያንተ ልጅ የሚያደርገው ያንኑ የድሮ ሥራ ይመስለኛል። የማይታወቁ ገጾች ላይ ሊንክ ይገዛልሃል፤ ለሁለት ሳምንት ትንሽ ከፍ ትላለህ፤ ከዚያ ትወድቃለህ፤ እሱም ስልኩን ያጠፋል።

ሲወድቁ ደግሞ ትልቅ ትንሽ የለም። በየካቲት 2006 ጉግል የጀርመኑን ቢኤምደብልዩ ድረ ገጽ ከዝርዝሩ ነቅሎ ጥሎት ነበር። ምክንያቱ? ለመፈለጊያው «ያገለገለ መኪና» የሚል ቃል የታጨቀበት ገጽ ያሳያል፤ ሰው ሲገባ ግን ወደ ሌላ ገጽ ይወስደዋል። ኩባንያው ገጾቹን አንስቶ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ቢኤምደብልዩ ስለሆነ ነው። አንተን ማን ያስታውስሃል?

አሁን ወደ ዋናው ችግርህ። ፎቶ ላይ አትጻፍ! አንተ ስታየው ጽሑፍ ነው፤ ለመፈለጊያው በመጀመሪያ ደረጃ ፎቶ ነው። እኔ አራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤት በነበረኝ ዘመን ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የሚወጣው በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ነበር፤ ሌላው መንገድ አስቸጋሪ ስለነበረ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ግን ኒያላ የሚባለውን የኢትዮጵያ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ቪስታ ከተባለው ስሪቱ ጋር ነው። እስከዚያ ፎንት በፍሎፒ ስናዞር ኖርን። ብዙዎቹ ፎንቶች ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፊደል ነበር የአማርኛ መልክ የሚያለብሱት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ መፈለጊያውም እንደዚያው። ዛሬ ስልክህ ላይ ያለው ኪቦርድ ይበቃሃል። ፎቶው ለቴሌግራም ይሁን፤ ብሎጉ ላይ ግን ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ተይበው።

ሁለተኛ፣ ፊደል። አንዱ «እንቁላል» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ዕንቁላል»። አንዱ «ሕመም»፣ ሌላው «ህመም»። መፈለጊያው አንዳንዴ አንድ መሆናቸውን ይይዛል፣ አንዳንዴ አይዝም። ርዕስህ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ተጠቀም፤ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርገው። የሰዋስው መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ። ሦስተኛ፣ ርዕስህን ሰው በጨነቀው ሰዓት በሚጠይቅበት አፍ ጻፈው። «የዶሮ ጤና ክፍል ሦስት» ብሎ የሚፈልግ የለም። «ዶሮዬ አንገቷን ትጠመዝዛለች» ብሎ ግን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጽፍ አለ። እሱን ስለ ፈንግል፣ ስለ ክትባቱ፣ የታመመችውን ስለ መለየት የሚነግረው የአማርኛ ገጽ ካገኘ አንተን አይረሳህም። ሰው በምን ቃል እየፈለገ ወደ አንተ እንደመጣ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ በነጻ ያሳይሃል። መጀመሪያ እሱን ክፈት።

ገንዘቡን ደግሞ ከጉግል ብቻ አትጠብቅ። ጉግል ማስታወቂያ የሚያወጣባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ ከማመልከትህ በፊት እሱን እየው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው ሐዋሳ ውስጥ መኖ ወደሚሸጠው ነጋዴ ነው። «ገጼን የሚያነበው ዶሮ አርቢ ነው» በለውና ቁጥሩን አሳየው። መገናኛ ለሚገኙ ሱቆች ድረ ገጽ እየሠራሁ ያየሁት ይህን ነው፤ በአማርኛ ብሎግ የማስታወቂያ ገንዘብ ከሩቅ ጨረታ ይልቅ ከሰፈር ነጋዴ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጾም ምግብ አሠራር በእንግሊዝኛ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። አድሴንስ (ጉግል ብሎጌ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ የሚከፍለኝ) ተፈቀደልኝ፤ ግን እስካሁን 3 ዶላር ከምናምን ነው። የአክስቴ ልጆች ማስታወቂያውን በየቀኑ ይጫኑልኛል። ችግር አለው? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ አስቁሚያቸው። ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ዋይፋይ፣ በየቀኑ የሚመጣ ክሊክ ለጉግል እንደ ደወል ነው። መጀመሪያ ክሊኩን አይቆጥርልሽም። ከቀጠለ አካውንትሽን ይዘጋል። ተዘግቶ ማስከፈት ደግሞ ከባድ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ብሎገርን፣ ያንን በ1999 የተከፈተ በነጻ ብሎግ መክፈቻ፣ ጉግል በየካቲት 2003 ገዛው። በዚያው ዓመት አድሴንስን አመጣ። መጻፊያውንም መክፈያውንም በአንድ ዓመት እጁ አስገባ ማለት ነው። አድሴንስ ገጽሽን ያነብና ስለ ምን እንደሆነ ገምቶ የሚስማማ ማስታወቂያ ያመጣል። አስተዋዋቂው ከሚከፍለው ውስጥ 68 ከመቶው ለገጹ ባለቤት እንደሚሄድ በ2010 ይፋ አድርጓል። ቀድሞ ዋናው ክፍያ በክሊክ ነበር፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ማስታወቂያው በመታየቱ ነው። ስለዚህ የአክስትሽ ልጆች ድካም ድርብ ኪሳራ ነው።

ሳንቲም የሆነብሽ ምክንያት ጨረታው ነው። ማስታወቂያ አውጪው የሚገዛው ያንቺን ሽሮ ሳይሆን አንባቢሽን ነው። ለዋሽንግተን አንባቢ የሚጫረተው ብዙ ነው፤ ለደሴ አንባቢ ጥቂት። አንቺ ግን እድለኛ ነሽ። ስለ ሽሮና ስለ ምስር ወጥ በእንግሊዝኛ ከሚፈልጉት ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ፣ ሥጋ የተዉ ሰዎች ይመስሉኛል። የዐቢይ ጾምን ወር አትጠብቂ፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር። ሒሳብሽ 10 ዶላር ሲሞላ አድራሻሽን ለማረጋገጥ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ይልኩልሻል። የቤት ቁጥርና ወረዳ ብቻ ከሞላሽ ደብዳቤው የት እንደሚደርስ እግዚአብሔር ይወቅ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሙዪ፤ ከሌለሽ የመሥሪያ ቤትሽን አስፈቅደሽ ተጠቀሚ። ክፍያ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲደርስ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ስለ ጉልበት ቅባት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ዜና ስከፍት ሁሉ የጉልበት ቅባት ይመጣብኛል። የዜናው ባለቤት ሕመሜን በምን አወቀ? (እ.ወ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እትዬ፣ እግዜር ይማርዎት። የዜናው ባለቤት ምንም አያውቅም። እሱ ገጹ ላይ ባዶ ቦታ አከራይቷል፤ ተከራዩን ግን አይመርጥም። እርስዎ ገጹን ሲከፍቱ፣ ገና ጽሑፉ ሳይታይዎት፣ ለዚያ ቦታ ጨረታ ተካሂዶ አልቋል። አሸናፊው እርስዎ ቀደም ብለው ምን እንዳዩ ስልክዎ ላይ በተቀመጠች ኩኪ በምትባል ትንሽ ምልክት ያውቃል። ኩኪ ከ1994 ጀምሮ አለች፤ ኔትስኬፕ የሠራት ገጾች ሰውን እንዲያስታውሱ ነበር። ወደ ማስታወቂያ ያዞሯት እንደ ደብልክሊክ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። ደብልክሊክን ጉግል በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ያንኑ ዜና ጎንደር ያለ የወንድምዎ ልጅ ቢከፍተው የሚያየው ሌላ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች ተጭነው «ይህን አታሳየኝ» ማለት ይችላሉ። በጉግል አካውንትዎ ውስጥ ደግሞ ማስታወቂያ በእርስዎ ፍላጎት እንዳይመረጥ የሚያደርግ ማጥፊያ አለ፤ የልጅ ልጅዎ በሁለት ደቂቃ ያጠፋልዎታል። ማስታወቂያው አይቀርም፤ ጉልበትዎን ግን ይተዋል። ቅባቱንም ሐኪም ሳይጠይቁ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ብሎግ ሞቷል፣ ቲክቶክ ግቢ ይሉኛል። እውነት ነው? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኛ አገር ብሎግ ሳያድግ ነው የታመመው። ከ2006 ጀምሮ ብሎግስፖት፣ የብሎገር ብሎጎች የሚገኙበት አድራሻ፣ ይዘጋ ነበር። በ2012 የተጀመረው ዞን ዘጠኝ የተባለ የወጣት ጸሐፊዎች ብሎግ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ጸሐፊዎቹም በ2014 ታሰሩ። በ2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ብሎጎችን ከፈትኩ ሲል፣ ሰዉ አስቀድሞ ፌስቡክ ገብቶ ነበር። በእኔ ግምት አማርኛ ጉግል ላይ የሳሳውም አንዱ በዚህ ነው። በዚያ ዘመን የተጻፈው ብዙ ቁም ነገር ፌስቡክ ውስጥ ተቀብሯል።

አሁን ያለው ስጋት ሌላ ነው። ከ2024 ጀምሮ ጉግል ለብዙ ጥያቄ ከዝርዝሩ በላይ ራሱ መልስ አጠናቅሮ ያስቀምጣል። ሰው ያንን አንብቦ ይሄዳል፤ ጻፊው ጎብኚውንም ማስታወቂያውንም ያጣል። ይሄ ያናድደኛል፤ መልሱ የተቀዳው ከብሎገሮቹ ነውና። ስለዚህ ማንም የሚያውቀውን አትጻፊ። ጣና ዳር እንቦጭ ሲነቅሉ የዋሉትን ገበሬዎች አነጋግረሽ ብትጽፊ፣ ያንን ማሽኑ ከየትም አያመጣውም።

ቲክቶክም ግቢ፣ ማን ከለከለሽ። ብቻ የተናገርሽውን ጻፊና ብሎግሽ ላይ አስቀምጪው። የአምናን ቪዲዮ ፈልጎ ማግኘት ለባለቤቱም ጭንቅ ነው።

ስለ ይለፍ ቃል የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቻለሁ። እባካችሁ የይለፍ ቃሉን ራሱን አትላኩልኝ።