ሦስተኛው ገጽ ላይ የቀረችው መስመር

ልጆች፣ እኔ ብዙ ሲቪ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲከመር የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ ስክሪን ላይ ሲደረደር የማይ ነኝ። ከሁሉም ግን አንዷ ልጅ አትረሳኝም።

የምንፈልገው የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ነበር። የልጅቷ ሲቪ ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶዋ፣ የትውልድ ቀኗ፣ የጋብቻ ሁኔታዋና "ታታሪ፣ ቅን፣ በቡድን መሥራት የምወድ" የሚል አንቀጽ ሞልተውታል። ሁለተኛው ገጽ የወሰደቻቸው ኮርሶች ናቸው። አልፌያት ነበር። ስብሰባ እስኪጀመር ክምሩን እንደገና ሳገላብጥ ነው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ዓይኔ ያረፈው። "በትርፍ ጊዜ" ከሚለው ሥር፣ ከሙዚቃና ከዋና ቀጥሎ፣ እንዲህ ይላል፦ "የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ኤክሴል ላይ አስገብቻለሁ።"

ጠራናት።

"ስንት መጽሐፍ ነበር?" አልኳት።

"አራት ሺህ ምናምን።"

"ለብቻሽ?"

"ከጓደኛዬ ጋር። ሁለት ወር ፈጀብን። ሁለቴ የተመዘገበውን ስናጠራ ነው የቆየነው።"

"ታዲያ ይሄን ለምን ፊት ላይ አልጻፍሽውም?"

"ሥራ አይደለማ! ደሞዝ አልተከፈለኝም።"

ሥራውን አገኘች። በመስመሯ ግን አሁንም እቆጫለሁ፤ ስብሰባው በሰዓቱ ቢጀመር ኖሮ አላያትም ነበር። እንዲህ ብትጽፈው አስቡት፦ "4,000 ያህል መጻሕፍትን ከወረቀት መዝገብ ወደ ኤክሴል አዛወርኩ፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በሁለት ወር፤ የተደጋገሙትን አጥርተን።" ይሄ መስመር አንደኛ ገጽ አናት ላይ ቢሆን "ታታሪ" የሚለው ቃል ባልተፈለገ ነበር። ታታሪነቷ እዚያው ይታያል።

ሲቪ ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ "የሕይወት ጉዞ" እንደማለት። ስሙ ራሱ ያሳስታል። የሚያነበው ሰው የሕይወት ታሪካችሁን አልጠየቀም። ፊቱ አንድ የጎደለ ወንበር አለ፤ "ይህን ሥራ ይችለዋል ወይ?" ነው የሚለው። የምትጽፉት ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ መጀመሪያ፣ 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቷል። ረቂቁ ዛሬም አለ። ዝርዝሩ ቀላል ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ መድፍ፣ ምሽግ ማፍረሻ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እያለ ይሄዳል። ሥዕል መቻሉን የጠቀሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በሰላም ጊዜ ከሚሠራቸው ነገሮች ጋር። ሰውየው በመሣሉ ስላፈረ አይደለም። ገዥው የሚያስበው ስለ ጦርነት መሆኑን ስላወቀ ነው።

እናንተም የሥራ ማስታወቂያውን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተጠቀሰውን ነገር አስምሩበት። ከዚያ ያንን ሠርታችሁ የምታውቁበትን አጋጣሚ ፈልጉ፤ በተግባር ልምምድም ይሁን በበጎ ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት ፕሮጀክትም ይሁን በቤተሰብ ሱቅ። ያገኛችሁትን ወደ ላይ አውጡት። ለእያንዳንዱ ሥራ ሲቪውን መነካካት ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን አንዱን ለሃምሳ ቦታ ከመበተን አምስቱን አስተካክሎ መላክ ይሻላል ባይ ነኝ።

የማስታወቂያውን ቃላት እንዳሉ መጠቀምም ሌላ ጥቅም አለው። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ሲቪን መጀመሪያ የሚያሳዩት ለሶፍትዌር ነው። ማስታወቂያው "የሂሳብ መዝገብ አያያዝ" ካለ እናንተም እንደዚያው በሉ። በሠንጠረዥ፣ በሁለት ዓምድና በሥዕል ያጌጠ ሲቪ ለዓይን ያምራል፤ ማሽኑ ግን አንዳንዴ ያዘበራርቀዋል። ስልክ ቁጥራችሁን የገጹ ራስጌ ውስጥ ካስገባችሁት ጭራሽ ላያነበው ይችላል። ማሽኑ ብቻ እንዲያያቸው ቃላትን በነጭ ቀለም ደብቆ መጻፍ የሚባል ብልጠትም ሰምቻለሁ። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ ይወጣል፤ ያሳፍራችኋል። ደግሞ ያ "ኤክሴል 80 በመቶ" የሚለው የችሎታ ማሳያ አሞሌ! ከምን 80 በመቶ? እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

ስለ ውሸት ብዙ አልልም። የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሲቪዬ ላይ "ፈረንሳይኛ፦ በጣም ጥሩ" ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ በቃ። ጠያቂዋ ሴትዮ ወረቀቱን አየችና ፈገግ ብላ በፈረንሳይኛ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። "ዊ" አልኩ፤ "አዎ" ማለት ነው። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። መልሱ "ዊ" የሚባል አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን የጻፍኩትን እንኳ ያመነችኝ አይመስለኝም። አሁን ቻትጂፒቲ ሲቪ በደቂቃ ይጽፍላችኋል፤ ፊደል ያርምላችሁ፣ ግድ የለም። ያልሠራችሁትን ከጨመረላችሁ ግን የቃለ መጠይቁ ወንበር ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ቁጥርም እንዲሁ። ከሌላችሁ አትፍጠሩ፤ የሠራችሁትን በግልጽ መናገር ይበቃል።

የቀረው ቀላል ነው። ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ልምድ ላለው ሁለት። የቅርቡ ሥራ ይቅደም። ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ ካልተጠየቁ ይቅሩ። በልጅነት ለቀልድ የተከፈተ ኢሜይል ይቀየር። የፋይሉ ስም የእናንተ ስም ይሁን፤ "የመጨረሻ የመጨረሻ 3" የሚል ፋይል ደርሶኝ ያውቃል። በፒዲኤፍ ላኩ፣ ማስታወቂያው ሌላ ካላለ። ከመላካችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ሪፈረንስ፣ ማለትም ስለ እናንተ የሚመሰክር፣ የምታደርጉትን ሰው ደግሞ ቀድማችሁ ደውላችሁ አስፈቅዱ። ለምን ሥራ እንዳመለከታችሁም ንገሩት። አንድ ጊዜ ጥሩ ተወዳዳሪ አግኝተን፣ የጻፈው ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሰውየው ስሙን ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ አጠገቡ ላለው ሰው ሲጮህ ሰማሁት፦ "ይሄ ልጅ ማን ነበር?"