ባትሪውን ተወው፣ ቫልቩን አሳይ

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከአዳማ ደብረ ብርሃን ከገባህ ሦስት ወርህ ነው። ሞተር ሳይክልህ ባለ 150 ሲሲ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያላት ናት። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትልሃለች፣ ቁልቁል ገፍተህ ስታስነሳት ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። አዲስ ባትሪ ገዝተህም ለውጥ የለም። የተሰጡህን መልሶችም አየኋቸው፤ ግማሹ ካንዴላ (እሳት የሚፈጥረውን) ቀይር፣ ግማሹ ካርቡራተር አሳጥብ ይላል፣ አንዱማ ጭራሽ ሽጣት ብሎሃል።

ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር ውርጭ። ብዙ ብር ከበላኝ በኋላ ነው የገባኝ፤ አንተ ከባትሪው ሌላ ሳትጨምር ልንገርህ።

ባትሪውን እርሳው። ሞተሪኖው (በባትሪ የሚሠራው ማስነሻ) ቁልፉን ስትጫን በኃይል የሚያዞር ከሆነ ባትሪው ድርሻውን ተወጥቷል። ካላመንክ ቴስተር ተዋስና ለካ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እያዞረ ከ10 በታች ካልወረደ ከእሱ ጋር ጉዳይ የለህም።

ቀጥሎ የሚያሳፍረው ነገር አለ። እጀታው ላይ ያለውን ቀዩን የሞተር ማጥፊያ እይ። የቤንዚኑ መክፈቻ መከፈቱን እይ። አትሳቅ፣ እኔ አንድ ቀን ከጠባሴ ጀምሬ እያላበኝ የገፋኋት አንድ ልጅ ቀዩን ማጥፊያ ነክቶት ነው።

ቾኩንስ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛውን) እንዴት ነው የምትጠቀመው? አዳማ ቾክ ሳትነካ ትነሳልህ ነበር፣ አውቃለሁ። እዚህ ጠዋት ያለ ቾክ አይሆንም። ግን ብዙ ሰው ቾኩን ይስብና የጋዙን እጀታ ደግሞ እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ በእነዚህ ካርቡራተሮች ላይ ያ ቾኩን ዋጋ ያሳጣዋል፣ ምክንያቱም ቾኩ ተጨማሪ ቤንዚን የሚስበው አየሩ ሲታፈን ነው፣ አንተ ደግሞ በሩን ወለል አድርገህ ከፈትክለት። ቾክ ሙሉ፣ ጋዝ ዜሮ። ከተነሳች በኋላ ሚኒሞዋ (ያለ ጋዝ የምትዞርበት ፍጥነት) ሲረጋ ቾኩን ቀስ ብለህ መልሰው።

ይሄን አድርገህም እምቢ ካለች ካንዴላውን ንቀል። ንቀል ያልኩህ ልትቀይረው አይደለም፣ ልታነበው ነው። ብዙ ሞክረህ ሳትነሳ የወጣው ካንዴላ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን አላላና በብርጭቆ ተቀበል። ዝም ብለህ መሬት ላይ አታፍስሰው፣ ብርጭቆው ውስጥ ነው የሚታየው። ውኃ ካለ እንክብል እንክብል ሆኖ ከታች ይተኛል፣ ቤንዚን ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝተህ ከነበር ይሄን ሳታይ ወደ ሌላ አትሂድ። ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከወጣ ደግሞ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ያልተቃጠለ ነው። መልሰህ ኮፍያው ላይ ሰካው፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነካውና አስዞር። ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርገው፣ የፈሰሰ ቤንዚንም ጥረግ፤ እሳት ነው የምትፈጥረው። ጥርት ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ኮፍያውንና ገመዱን ጠርጥር፣ በክረምት እርጥበት ይገባባቸዋል።

ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ? ያ ያንተ ይመስለኛል፣ ቢያንስ በከፊል። አዳማ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2800 አካባቢ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ደግሞ ይሄን አያውቅም፣ እዚያ ይሰጥ የነበረውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል፣ አየሩ ሲያንስ ድብልቁ ይወፍርና ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ይብሳል። እሱን አጽዳ፣ ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ቦርሸው፣ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መሀል አድርገው። የድብልቅ ማስተካከያዋን ቡሎን ግን ስንት ዙር እንደነበረች ሳትቆጥር አትንካት። ካልቆጠርክ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥያቄህ ውስጥ ሰው ሁሉ የዘለለው አንድ ነገር አለ፣ «ስገፋት ትነሳለች» ያልከው። ቁልቁል ለቀህ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ስትለቅ ሞተሩ ሞተሪኖው ከሚያዞረው በጣም ፈጥኖ ይዞራል። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚያፈስበት ቀዳዳ ካለ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር አየሩ ሾልኮ ያልቃል፣ ፈጥኖ ሲዞር ግን ለመሹለክ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ደግሞ ቤንዚኑ በትኩስ ብረት ላይ ቶሎ ስለሚተን ጉድለቱ ይሸፈናል፣ ማታ ታቆማታለህ፣ ጠዋት ያው ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን ሦስቴ አሳጠብኩ፣ ቦቢናም (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያጎለብተውን) ገዛሁ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ከዚያ በፊት አንድ መካኒክ ጋ ሄጄ «ቅጭ ቅጭ የሚለውን ድምፅ አጥፋልኝ» ብዬው ነበር። እሱም አጠፋልኝ። ቫልቩን (የአየርና ቤንዚኑን ድብልቅ የሚያስገባውን፣ ጭሱን የሚያስወጣውን ክዳን) ሬጅስትሮ ሲያደርግ፣ ማለት ሲያስተካክል፣ በቫልቩና በመምቻው መሀል ያለውን ክፍተት ጨርሶ ዘጋው። ሞተሬ እንደ ሰዓት ዝም አለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ጋበዝኩት። ቫልቭ ግን ትንሽ ክፍተት ከሌለው አይገጥምም፣ በስሱ ተከፍቶ ይቀራል፣ ጭምቁ በዚያ ይወጣል። ሳይነካም ቢሆን ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። ክፋቱ ድምፅ የለውም። የላላ ቫልቭ ይጮሃል፣ የጠበቀ ቫልቭ ዝም ይላል፣ ሰው ደግሞ የሚፈራው የሚጮኸውን ነው።

ያንተን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ሞተሯን ሳታስነሳ ካንዴላውን ንቀል፣ ቀዩን ማጥፊያ አጥፋ፣ አውራ ጣትህን ቀዳዳው ላይ ጥብቅ አድርገህ ያዝና ኪኩን (የእግር ማስነሻውን) ርገጥ። ጤነኛ ሞተር ጣትህን ፏ አድርጎ ይገፈትረዋል። ያንተ ለስለስ ብሎ እፍ ካለ ጭምቁ ደካማ ነው። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው አፍስስ፣ ጥቂት አዙረው፣ መልሰህ ሞክር። ጭምቁ ከበረታ የደከመው የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ነው፣ ያ ትልቅ ሥራ ነው። ለውጥ ከሌለው ቫልቩን ያዝ።

ቫልቩን ስታሠራ ሦስት ነገር ተከታተል። አንደኛ ሞተሩ ፍጹም መቀዝቀዝ አለበት፣ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። «ነድተህ ና፣ አሁኑኑ እሠራልሃለሁ» ካለህ ተመለስ። ሁለተኛ ፒስተኑ ጫፍ መድረስ አለበት። በግራ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት የ«ቲ» ምልክቷ ስትገጥም ሁለቱም የቫልቭ መምቻዎች በጣት ሲነኩ ላላ ማለት አለባቸው፤ ካላሉ አንድ ሙሉ ዙር ይቀራል። ሦስተኛ በመለኪያ ብረት ይለካ። በግምት ሳይሆን በመለኪያ። በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ አስገቢውና አስወጪው ሊለያይ ስለሚችል ትክክለኛውን ከመመሪያዋ እይ። መካኒኩ መለኪያ ከሌለው አንተ ገዝተህ ሂድ፣ ከባትሪህ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። ሲያልቅ ትንሽ ቅጭ ቅጭ ብትል ተዋት፣ ድምፁን አጥፋልኝ አትበል።

የኔ ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ በማግስቱ ጠዋት መኪና መስታወት ላይ በረዶ ጋግሮ እያለ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ቦቢናው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ፣ የፈለገ ካለ በቅናሽ እሰጣለሁ።

ነገ ጠዋት የጣቱን ሙከራ ሥራና ምን እንዳለህ እዚሁ ጻፍልን። ካንዴላውንም ነቅለህ ፎቶ ለጥፍ፣ ጫፉ በደንብ እንዲታይ አድርገህ።