የልውጥ አለቶች ምስክርነት፦ ስለ ጎንድዋና አፈጣጠር ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪው፦ በሙያዬ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት በደቡብ ኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ጥንታዊ አለቶች ላይ ነው። በሙቀትና በግፊት ስለተለወጡ አለቶች፣ እነርሱም ስለ ጎንድዋና (አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ህንድ፣ አውስትራሊያና አንታርክቲካ አንድ ሆነው የነበሩባት ጥንታዊት ታላቅ አህጉር) አፈጣጠር ስለሚነግሩን፣ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅ፦ አለቱ መጀመሪያ የተፈጠረበት ዘመንና በኋላ የተለወጠበት ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና አታደባልቋቸው።

ተማሪ ነኝ፦ መምህር፣ አለት ተለወጠ ማለት አህጉሮች ተጋጩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቅልጥ አለት ሰርጎ ሲገባ በዙሪያው ያለውን ጠብሶ ይለውጠዋል፤ ይህ ግን የአካባቢ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ከግብፅና ከሳውዲ ዐረቢያ ተነሥቶ፣ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል አልፎ እስከ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር ስለሚዘልቀው የልውጥ አለቶች መቀነት ነው። የዚህን ደቡባዊ ክፍል እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ አርተር ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1951 የሞዛምቢክ መቀነት ብሎ ሰይሞታል። ይህን ያህል ስፋት ያለውን ምድር አንድ የግራናይት ጉብታ ሊጠብሰው አይችልም።

የቦረና ልጅ፦ ጋሼ፣ አህጉሮች ተጋጭተው ቢሆን ኖሮ እንደ ሂማልያ ያለ ተራራ መኖር ነበረበት። በነገሌ ዙሪያ ግን የማየው አብዛኛው ሜዳ ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ተራራው ታጥቦ አልቋል፤ የምትረግጠው ሥሩን ነው። ነጭና ጥቁር መስመር እየተፈራረቀ የሚታይበትን ናይስ ተመልከት። ብዙ ጊዜ ጋርኔት የሚባሉ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ቀያይ የማዕድን ፍሬዎች ይገኙበታል። አንዱን ፍሬ ቆርጠን ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን እንፍቀውና በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ጋርኔት እንደ ዛፍ ከመሃል ወደ ዳር ያድጋል፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ ታፍነው የቀሩት ጥቃቅን ማዕድናት የቀደመውን ሁኔታ፣ በዙሪያው ያሉት ደግሞ የኋለኛውን ይነግሩናል። ከውስጥ ካያናይት፣ ከውጭ ሲሊማናይት ካገኘን፣ ሁለቱ በንጥረ ነገር አንድ ሆነው ካያናይት ከፍ ያለ ግፊት፣ ሲሊማናይት ከፍ ያለ ሙቀት የሚወዱ ስለሆኑ፣ አለቱ አስቀድሞ ወደ ጥልቅ ተቀብሮ በኋላ እየጋለ ወደ ላይ መመለስ እንደጀመረ እንረዳለን። የምድር ቅርፊት በግጭት ሲደራረብ የሚተወው ዱካ ይህ ነው።

ጥልቀቱም ይሰላል። ግራኑላይት የምንለው፣ በከፍተኛ ሙቀት ውኃው ተሟጥጦ የወጣ አለት፣ ብዙ ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆን ጥልቀት የመጣ ነው። እርሱ ዛሬ ገጽ ላይ ሆኖ ከሥሩ ገና ከ35 ኪሎ ሜትር የማያንስ ቅርፊት ካለ፣ ያን ጊዜ ውፍረቱ ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህን የሚያክል ውፍረት የምናገኘው እንደ ቲቤት ባሉ ቦታዎች ሥር ነው።

አስኳል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኢትዮጵያን ቅርፊት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወጣው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለትም ከሥር አወፍሮታል። ስሌቱ ይህን አልዘነጋም?

መልስ፦ ለደጋው ክፍል ትክክል ብለሃል፤ ስለዚህ ስሌቱን እዚያ ላይ አልሠራውም። ከዚያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ባዛልት) ክምር ርቀው የሚገኙትን የታንዛኒያ ግራኑላይቶች ውሰድ፤ እዚያ ክርክሩ ይጠራል።

ወርቅ ፈላጊ፦ በአዶላ ወርቅ ያለው በየትኛው አለት ውስጥ ነው?

መልስ፦ ስለ ወርቅ አልመልስም።

ሚሚ ከአዳማ፦ የእነዚህ አለቶች ዕድሜ ስንት ነው?

መልስ፦ የትኛው ዕድሜ? በመግቢያዬ ላይ አስጠንቅቄ ነበር። ዚርኮን የሚባለው ማዕድን ሲያድግ ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን አያስጠጋም፤ ስለዚህ በኋላ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከዩራኒየሙ መፍረስ የመጣ ነው፤ በዚህም ጊዜውን እንቆጥራለን። ነገር ግን የአንዱ ፍሬ መሃል የመጀመሪያውን አለት፣ ጠርዙ ደግሞ የመለወጡን ዘመን ሊይዝ ይችላል። በመቀነቱ ውስጥ የመለወጡ ዘመን በአብዛኛው ከ650 እስከ 530 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ተመሳሳይ ዕድሜ በማዳጋስካር፣ በደቡብ ህንድ፣ በስሪላንካና በምሥራቅ አንታርክቲካ መገኘቱ ጎንድዋና ያን ጊዜ እንደተሰበሰበች ያስረዳል።

የቦረና ልጅ፦ ታዲያ የትግራይ አለት ለምን እንደ እኛ አልተጠበሰም? ስሌት የሚባለው እንደ ገጽ የሚሰነጠቅ ድንጋይና አረንጓዴ ድንጋይ ነው የሚበዛበት።

አስኳል፦ ምክንያቱም እዚያ ግጭት አልነበረም።

የቦረና ልጅ፦ እንዴት አልነበረም? ድንጋዩ ታጥፎ የቆመ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። በሰሜን የተጋጩት በአብዛኛው በውቅያኖስ ውስጥ የነበሩ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለቶች ናቸው፤ ቅርፊታቸው ወጣትና ቀጭን ስለነበር አለቱ ቢታጠፍም ብዙ አልተቀበረም። ወደ ደቡብ ግን አሮጌ አህጉር ከአህጉር ጋር ተፋጥጦ ቅርፊቱ ተደራረበ፤ የምናየውም ጠለቅ ያለውን ክፍል ነው። በመካከል የነበረው ውቅያኖስ ለመዘጋቱም በአዶላና በሞያሌ የሚገኙት የጥንት የውቅያኖስ ወለል ቅሪቶች ምስክር ናቸው። አስኳል፣ «ግጭት አልነበረም» የሚለውን አርመው።

ተማሪ ነኝ፦ ይህ ሁሉ አህጉሮች በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ የሆኑባት ፓንጊያ የተፈጠረችበት ታሪክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፓንጊያ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይታ የመጣች ናት፤ ጎንድዋና ተጠቃልላ ገባችባት።

ሚሚ ከአዳማ፦ ቤት ውስጥ ቀይ ፍሬ ያለበት ድንጋይ አለኝ። የጎንድዋና መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከየት እንደተነሣ ካልታወቀ ምንም ልልሽ አልችልም። ከወንዝ ዳር የተለቀመ ከሆነ ቦታው ጠፍቶበታል። ከቆመ አለት ላይ የተፈነከተ ከሆነ ግን የቦታውን ስም፣ የመስመሮቹን አቅጣጫና አጠገቡ ያለውን አለት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ዕድሜውን የምትጠይቂኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የትኛውን ዕድሜ እንደሆነ ለይተሽ።