«ስልክ ላይ ተስማምተን ከፍዬ ነበር»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ከሥራ ወጥቼ በነበረ ጊዜ የክሬዲት ካርድ ዕዳዬ 8,400 ዶላር ደረሰ። ባንኩ ጋ ደውዬ ችግሬን ሳስረዳ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ «3,500 አንዴ ከከፈልሽ ፋይሉን እንዘጋዋለን» አለችኝ። ከእህቴ ተበድሬ በዚያው ሳምንት ከፈልኩ። በጽሑፍ ስጡኝ ማለት አልመጣልኝም። አሁን፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ቀሪውን 4,900 ዶላር ክፈይ ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ። ባንኩ ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት አናውቅም ይላል። ለመገላገል በወር 50 ዶላር ልጀምር ይሆን?
እንቅልፍ ያጣሁት

እህቴ፣ እባክሽ እንዳትጀምሪ። በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ እንኳ ለዕዳው ሊከሱሽ የሚችሉበትን የጊዜ ገደብ እንደ አዲስ ሊያስቆጥር ይችላል። ዕዳው አለብኝ ብለሽ እንዳመንሽም ይወሰድብሻል።

የቃል ስምምነት ዋጋ የለውም የሚልሽን አትስሚ። በሕግ ሊጸና ይችላል። ጭንቁ ማስረጃው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለውም ለዚህ ነው። ግን አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ሥራ ያጣ ሰው ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ 3,500 ዶላር ድፍን አይከፍልም። ያ ክፍያ ራሱ ይመሰክርልሻል። የባንክ ስቴትመንትሽን አውጪ። የዚያን ቀን የስልክ ጥሪ ዝርዝርም አውጪ። ብሩን ለምን እንደፈለግሽው ለእህትሽ የላክሽው ቴክስት ካለ እሱን እንዳታጠፊ። ብዙ ባንኮች ጥሪ ይቀዳሉ፤ ቅጂው እንዲቆይና እንዲሰጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

አሁን የሚያስቸኩለው ሰብሳቢው ነው። በ1977 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ የዕዳው ማሳወቂያ ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንደማትቀበይ በጽሑፍ ካሳወቅሽ፣ ማረጋገጫ እስኪልክልሽ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። በስልክ አትከራከሪ፤ ስልክ አንዴ ጎድቶሻል። መላኩ በሚመዘገብበት ሰርቲፋይድ ፖስታ ላኪ፣ ኮፒውን አስቀሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 1099-ሲ የሚባል ፎርም ደርሶሽ ነበር? አበዳሪ ድርጅት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ሲሰርዝ ለአንቺም ለአይአርኤስም (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) የሚልከው ነው። ፍርድ ቤቶች ሁሉ እኩል ባይመዝኑትም፣ ባንኩ ራሱ ለመንግሥት የጻፈው ወረቀት ነውና ይጠቅምሻል። ግብር ሊያስከትል እንደሚችልም እወቂ። ያን ጊዜ ዕዳሽ ከንብረትሽ ይበልጥ ከነበረ ግን 982 በሚባለው ፎርም ከግብሩ ነፃ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ደግሞ በፍጹም ዝም እንዳትዪ። መልስ ካልሰጠሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል፣ ደሞዝሽም ሊቆረጥ ይችላል። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።

ዛሬ ማታ ግን ተቀመጪና ያቺ ሠራተኛ ያለችሽን ቃል በቃል ጻፊው፤ ስሟን፣ ሰዓቱን፣ ያስታወስሽውን ሁሉ። ደብዳቤው የደረሰሽን ቀንም ላኪልኝ፤ ከ30ው ቀን ስንት እንደቀረሽ አብረን እንቁጠር።