ሣር ከምታሳጭዱ ጎመን ዝሩ

ይህን ምክር የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በተለይም ቤት ገዝታችሁ ጓሮ ላገኛችሁ ወገኖቼ ነው። ያረሱና የኮተኮቱ ወላጆች ልጆች ሆነን ሳለ፣ አንድ እስር ጎመን ለመግዛት መኪና አስነስተን ሱቅ ስንሄድ ለዓመታት ማየቴ አንገብግቦኛል።

1. ስለ ወረቀቱ

ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ማስገባት ያለ ፈቃድና ያለ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይፈቀድም፤ ጓሮ የሌላችሁ በካውንቲያችሁ የሚከራየውን የጋራ የአትክልት ቦታ በብርዱ ወራት ተመዝገቡ፤ በፉድ ስታምፕ የምትረዱ ደግሞ ለምግብ የሚሆን ዘርና ችግኝ በዚያው ካርድ መግዛት እንደምትችሉ እወቁ።

2. ስለ አበላላችን

ጤፍ ከነአሰሩ የሚፈጭ መልካም እህል ነው። ሆኖም እዚህ ከሱቅ የምትገዙት እንጀራ ብዙውን ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለሚውልና ስኳሩ ለጨመረ ሰው መጠኑ ካልተወሰነ አይበጀውም። በጾም ወቅት ሽሮውንና ምስሩን በዘይት አጥለቅልቀን፣ ከጎኑ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ አስቀምጠን፣ ጤናማ ምግብ በላን ማለት ራስን ማታለል ነው። በዚያች ጣሳ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ እንደሚሻል ይመክራል። ይኸው ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ሲል፣ በእኛ ገበታ ጎመን በእንጀራው ጠርዝ ላይ እንደ ጌጥ ጣል የምትደረግ ሆናለች። እንጀራው ይቀንስ፣ ጎመኑ ይብዛ።

3. ስለ መሬቱ

ራስን መቻል ማለት ጤፍ በጓሮ መዝራት አይደለም፤ የአይዳሆ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያመርቱት ኖረዋልና ዱቄቱን ግዙ። መግዛት ማቆም ያለባችሁ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ነው።

በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ከግድግዳው የረገፈው አሮጌ ቀለም አፈሩን እርሳስ (ሊድ) በሚባለው መርዛማ ብረት በክሎት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳታስመረምሩ ምንም አትትከሉ፤ የት እንደሚመረመር በየግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ይነግራችኋል። አፈሩ ካልተማመናችሁበት በሳንቃ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ንጹሕ አፈርና ኮምፖስት ሙሉበት። አጋዘን የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ ያለ አጥር አትድከሙ፣ በአንድ ሌሊት ጠርጎ ይበላዋል።

ወቅቱን በእኛው አቆጣጠር ያዙት፣ ይቀላችኋል። ድንች በመጋቢት ይተከላል። ቃሪያና ቲማቲም በቤት ውስጥ ፈልቶ፣ ውርጭ ካለፈ በኋላ ሚያዝያ ሲያልቅ ወደ ውጭ ይወጣል። ለመጸውና ለብርድ የሚሆን ጎመን በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ይዘራል፤ ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል እንጂ አይሞትም፣ ለዐቢይ ጾምም ይደርስላችኋል። ጤና አዳም ብርዱን ይችላል፤ ኮሰረት ግን አይችልምና በማሰሮ ተክላችሁ ወደ ቤት አስገቡት።

4. ስለ ወላጆቻችንና ስለ ልጆቻችን

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። እናቶቻችንን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ እናመጣለን፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጓሮ ሲያለሙ የኖሩ ሰዎችን ቴሌቪዥን ፊት እናስቀምጣለን፤ ከዚያም እማማ ጉልበታቸውን አመማቸው፣ ስኳራቸው ከፍ አለ፣ ከፋቸው እንላለን። በዚያው ቤት ጓሮ ደግሞ ሣር አለ። ሰው ቀጥራችሁ ታሳጭዱታላችሁ፣ ማዳበሪያ ትረጩለታላችሁ፣ ማንም አይበላውም። አፈር እንዲነኩ የማትፈቅዱላቸው ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ ከሆነ፣ ጎረቤት የእናታችሁን መድኃኒት አይገዛም።

እናቴ በሕይወት ሳለች የጎመን ዘር አያያዟን አጠገቧ ተቀምጬ አለመማሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእናንተ ግን አሉ። ጎመን ሲለቅሙ አስተውላችሁ እዩዋቸው፦ ጫፉን አይነኩም፤ ከሥር ያረጀውን ቅጠል ወደ ታች ጫን አድርገው ይገነጥሉታል፣ ተክሉም ለወራት ሳያቋርጥ ያቆጠቁጣል። ከብርድ የተረፈው ጎመን በጸደይ ሲያብብ አንዱን ሳይነቅሉ ይተዉታል፤ ፍሬው ሲደርቅ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው፣ ጥቁሯን ዘር በጨርቅ ይቋጥራሉ። ይህን ሙያ የትኛውም ሱቅ አይሸጥላችሁም፣ እሳቸው ሲያልፉም አብሮ ይቀበራል።

ልጆቻችሁንም አስቡ። በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አንድ ሰዓት ተቀምጠው የሚመለሱት ልጆች ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይ ስለሌላቸው ሰላምታ ሰጥተው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። መደቡ ላይ ግን አያት የሚያዙት፣ ልጅ የሚጠይቀው ሥራ አለ፤ አረሙ የቱ ነው፣ ቡቃያው የቱ ነው፣ ውሃው ይበቃዋል ወይ። ጎመን በሹካ የሚገፋ ልጅ ራሱ የዘራውን ይቀምሳል።

ልጁ ጓደኞቹ ፊት የአያቱ ነገር እንዳያሳፍረው የምትሹ ወላጆች፣ በመጪው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሌላ ጉዳይ ነጻ አድርጉ። የሣሩን አንድ ጥግ ገልብጡ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ፍሬ ፍሬውን ለያዩ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ጠልቆ በስንዝር ርቀት ልጁ ራሱ ይትከል፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያርሙት። በደረቅ ቅጠል ሸፍናችሁ ተዉት፤ በሰኔ የታችኛዎቹ ቅጠሎች ሲደርቁ ይነቀላል።