ለአልበሙ ያዋጣሁት እኔ፣ የሠሩት እነሱ

ባለፈው ሳምንት ስለ ዳንኤል አሞስ ጽፌ ነበር። የካሊፎርኒያ ባንድ ነው። አባላቱ ክርስቲያን ናቸው፣ ሮክ ይጫወታሉ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ግን አይረጉም። በ2013 «ዲግ ሂር ሴድ ዘ ኤንጅል» የተሰኘውን አልበም ያወጡት በራሳቸው ነው። ገንዘቡን አድማጮቻቸው ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ አዋጡላቸው። ደብዳቤው ጎርፏል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቦቹንም እንደዚሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳንኤል አሞስ ዕድሜው ስንት ነው? አግብቷል?

የባንድ ስም ነው፤ ከሁለት ነቢያት ስም የተገጣጠመ። ጋብቻውን ይርሱት።

አንድ የፍራንክፈርት አንባቢ ለአንድ ክርስቲያን ባንድ 50 ዩሮ አዋጥተው ነበር። አልበሙ ሲደርስ ግማሹ ጩኸት፣ ግማሹ ዝምታ ሆነባቸው። አንደኛው ትራክ ላይ የሚሰማው የበር ሲጢጥታ ብቻ ነው ይላሉ። «ይህ መዝሙር ነው? ገንዘቤን እንዴት ላስመልስ?»

አይመለስም። ሲዲው ደርሶዎታል አይደል? አለቀ።

ኪክስታርተር ሱቅ አይደለም። አክሲዮንም አልገዙም፤ አልበሙ ቢሸጥ ትርፍ አይደርስዎትም፣ ባይሸጥ ኪሳራው አይነካዎትም። ገና ያልተሠራ ሥራ እንዲሠራ ነው የሰጡት። ባንዱም በበኩሉ ቃል የገባውን ዕቃ መላክ አለበት። ካቃተው ገንዘቡ የት እንደገባ ማስረዳት፣ የተረፈም ካለ መመለስ አለበት። ይህ በደንቡ ተጽፏል። «ደስ ካላለኝ» የሚል አንቀጽ ግን የለም።

ባይኖር ነው የሚሻለው፤ ምክንያቱን ከዳንኤል አሞስ ታሪክ ይዩት። ዳንኤል አሞስ በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካን የገጠር ሙዚቃ ነበር የሚጫወቱት። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ወደዷቸው። ከዚያ ጊታሩን አጠነከሩት። «ሆረንደስ ዲስክ» የሚባለውን አልበም በ70ዎቹ መጨረሻ ቀርጸው ጨረሱ። አልበሙ ግን አሳታሚው ካምፓኒ እጅ ገባና ቀረ። ካምፓኒው ደግሞ የባዕድ አልነበረም፤ የላሪ ኖርማን ነበር፣ ራሱ የክርስቲያን ሮክ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ሰው። ቆየ፣ ቆየ፣ በ1981 ወጣ። እስከዚያ ባንዱ ሌላ ባንድ ሆኖ ነበር። በዚያው ሰሞን በሌላ ካምፓኒ በኩል «አላርማ» የተባለውን አዲስ አልበማቸውን አወጡ፤ ድምፁ ኒው ዌቭ ነው፣ በዚያ ዘመን የመጣ አዲስ የሮክ ዓይነት። አድማጩ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ዳንኤል አሞስ ገጠመው። ባንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ በጊዜው በአልበም የሰማ የለም።

በዚያ ላይ የክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን የመንፈሳዊ አልበም ዋና ገበያ እነሱ ነበሩ። መደርደሪያው ላይ ያልወጣ አልበም እንዳልተሠራ ይቆጠር ነበር። ባለመደብሩ ደግሞ የደንበኛ ቅሬታ ይፈራ ነበር። እሱ ሲፈራ ካምፓኒው ይፈራል። ካምፓኒው ሲፈራ ጊታሩ ይለዝባል።

ለ2013ቱ አልበም ገንዘቡ ከአድማጭ ሲመጣ ይህ የፍርሃት ሰንሰለት ተቆረጠ። ሰው የከፈለው ለዚህ ነው ባይ ነኝ። «ይሄን ክፍል አውጡት» የሚል አለቃ የሌለበትን ሥራ ለመስማት። እርስዎ ግን ካምፓኒው በለቀቀው ወንበር ላይ መቀመጥ ያማረዎት ይመስላል። በ50 ዩሮ!

አንድ ነገር አምንልዎታለሁ። አንዳንድ ባንድ ገንዘቡ እስኪገባ በየቀኑ ይጽፋል፤ ከገባ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። መዘግየት አያስነውርም። ከሰው ገንዘብ ወስዶ ዝም ማለት ግን ነውር ነው። በዚያ ቢቆጡ አብሬዎት እቆጣለሁ።

የበሩን ሲጢጥታ ደግሞ አንዴ በጆሮ ማዳመጫ ይሞክሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ 10,000 ዶላር ቢዋጣ ባንዱ እጅ የሚገባው ስንት ነው?

ተመስገን፣ ሂሳብ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ የክፍያ ማስተላለፊያው 3 በመቶ ነው፤ ከእያንዳንዱ አዋጪ ላይ ደግሞ 20 ሳንቲም ይቆረጣል። 200 ሰዎች 50፣ 50 ዶላር ቢያዋጡ 840 ዶላር ይሄዳል፣ 9,160 ይቀራል። ከዚህ ላይ ስቱዲዮ፣ ሚክሲንግ (ድምፆቹን ማዋሃድ)፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማስተካከያ)፣ ማሳተሚያ ይወጣል። ባንዶችን የሚያስለቅሰው ግን ፖስታው ነው። ሸክላ ይከብዳል። ውቅያኖስ አቋርጦ ሲላክ ዋጋው የሸክላውን ያህል ሊሆን ይችላል። ቲሸርት ቃል የገባማ ከነቁጥሩ፣ ከነልኩ ይታመሳል።

ሌላም አለ። ግቡ 10,000 ተብሎ 9,999 ላይ ቢቆም ለባንዱ የሚገባው ዜሮ ነው። ከአዋጪዎቹ ካርድም ምንም አይቆረጥም።

የአድማጭ ገንዘብ የበላ ድርጅት አለ ሲባል ሰማሁ። ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። ፕሌጅሚዩዚክ የሚባል የሙዚቀኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ነበር፤ በ2009 እንግሊዝ አገር ተጀመረ፣ በ2019 ፈረሰ። አድማጭ የከፈለው ብዙ ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ አልደረሰም። ከኪሳቸው አሳትመው የላኩም አሉ።

ከመካኒሳ አንዲት እህት፦ አራት ሆነው በክራርና በኤሌክትሪክ ጊታር መዝሙር ይሠራሉ። አንድ ዘፈን ጨርሰዋል። ሜሪላንድ ያለችው አክስቷ በራሷ በአክስቷ ስም ኪክስታርተር ልትከፍትላቸው አስባለች። «ችግር አለው?»

አለው። ኢትዮጵያ ፕሮጀክት መክፈት ከሚቻልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አክስትሽ ከከፈተችው ደግሞ ፕሮጀክቱ በሕግ ፊት የእሷ ነው። ዕቃው ካልተላከ የምትጠየቀው እሷ ናት። ታክሱም የእሷ ነው። በዚህ መንገድ የገባ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ገቢ ይታያል። «የወንድሜ ልጅ ብር ነው» ማለት አያድናትም። ስለዚህ ገጹን ከመክፈቷ በፊት የታክስ ባለሙያ ታነጋግር። ከመክፈቷ በፊት ነው ያልኩት፤ የታክስ ማስገቢያው ኤፕሪል ሲደርስ አይደለም። ባለሙያ ስል ደግሞ «ቱርቦታክስ (የታክስ መሙያ ፕሮግራም) እሞላለሁ» የሚለውን የአጎትሽን ጓደኛ ማለቴ አይደለም።

ዳንኤል አሞስ «አዋጡልን» ያሉት ከመጀመሪያ አልበማቸው ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። አድማጩ አስቀድሞ ነበራቸው። እናንተ ሁለተኛውን ዘፈን ሥሩ። ሦስተኛውንም። ክራሩን ደግሞ ከጊታሩ በላይ አሰሙት፤ ሮክማ በየቦታው አለ።

ስፖቲፋይ ላይ በነፃ እየሰማሁት ለምን ላዋጣ?

አታዋጣ። ግን አንድ ጊዜ ስትሰማ ለባንዱ የሚደርሰው ከአንድ ሳንቲም በታች እንደሆነ እወቅ።

ሮክ ለእግዚአብሔር ይሆናል? ኃጢአት አይደለም?

ፓስተርዎን ይጠይቁ። ንስሐ አባት ካለዎት እሳቸውን። እኔ ያለኝ የሙዚቃ ዓምድ ነው።

ከዱባይ አንዲት እናት፦ የ16 ዓመት ልጇ ሮክ በጆሮ ማዳመጫ ቀን ከሌት ይሰማል። ማታ ማታ «ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» ይላታል። ለስለስ ያለ መዝሙር ብቀይርለት ይተወዋል ወይ ትላለች።

እህቴ፣ የጆሮ ሐኪም ጋ ውሰጂው። በዚህ ሳምንት። ጉዳዩ የሙዚቃው ዓይነት አይደለም። መዝሙርም በጣም ከጮኸ ጆሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይበቃል ይላል፤ ለልጆች ወደ 75 ያወርደዋል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ስልኩ ላይ የድምፅ መገደቢያ ካለ ዛሬውኑ አብሪለት። ዘይት ምናምን ጆሮው ውስጥ እንዳታንጠባጥቢ። ልጁ «ተወኝ፣ ተሽሎኛል» ቢልሽም ውሰጂው።

በ1996 የወጣውን «ዘ ኔቨርሁድ» የሚባል ጌም ሙዚቃ የሠራው ቴሪ ስኮት ቴይለር ከዳንኤል አሞሱ መሪ ዘፋኝ ከቴሪ ጋር ዘመድ ናቸው?

ራሱ ነው። ጌሙን ባታገኘው ሙዚቃውን ለብቻው ፈልገህ ስማ።